ለስፓኒሽ ተናጋሪ የተሰናዳው የስፖርትና የአካል ክፍሎች እንግሊዝኛ ለእኛ ለምን አይበቃም?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ዕድሜዬ 43 ነው። አገር ቤት 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ቀን ቀን አንድ አዛውንት በቤታቸው እንከባከባለሁ፤ ማታ ማታ እንግሊዝኛ እማራለሁ። ከክፍሌ ተማሪዎች አብዛኞቹ ከኤል ሳልቫዶርና ከጓቲማላ የመጡ ናቸው። ስለ ስፖርትና ስለ አካል ክፍሎች የተሰጠን ወረቀት በአንድ በኩል እንግሊዝኛ፣ በሌላው በኩል ስፓኒሽ ነው። እኔ ስፓኒሹን ሰርዤ አማርኛ ጻፍኩበትና በሦስት ሳምንት 60 ቃል ሸመደድኩ። የማያቸው አዛውንት የዳሌ መገጣጠሚያቸው በሰው ሠራሽ ተቀይሮላቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ቤት ድረስ መጥታ ስታሠራቸው ግን ከምትለው ግማሹ አልገባኝም። የክፍል ጓደኞቼ ሁሉን ነገር ቶሎ ይይዛሉ። ዕድሜዬ ነው? አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል ስለሌለው ነው? ወይስ የሕክምናውን ስሞች በሙሉ መሸምደድ አለብኝ?»

ሦስቱም አይደለም። ዕድሜዎ ጥፋት የለበትም፤ አማርኛም ቃል አልጎደለውም፤ የሕክምና ስሞችን መሸምደድ ደግሞ ከሚያስፈልግዎ ነገር ሁሉ የመጨረሻው ነው። ችግሩ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። ያ ወረቀት የተሰናዳው አፉን በስፓኒሽ ለፈታ ሰው ነው። እርስዎ አንዱን ዓምድ ሰርዘው አማርኛ ሲጽፉበት ቃሉን ለወጡ እንጂ ወረቀቱን አልለወጡም። ስፓኒሽ ተናጋሪው የሚሰናከልበት ድንጋይና እኛን የሚጥለን ድንጋይ አንድ ቦታ አልተቀመጡም።

መጀመሪያ የጓደኞችዎ ፍጥነት ከየት እንደመጣ እንይ። ስፓኒሽ የላቲን ልጅ ነው። እንግሊዝኛ በመሠረቱ የጀርመንኛ ዘመድ ቢሆንም፣ ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ከፈረንሳይኛ፣ ኋላም ሊቃውንቱ በቀጥታ ከላቲን እጅግ ብዙ ቃል አስገብተውበታል። የሰውነት ጥናት ቃላት በአብዛኛው የመጡት በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ አንዲት የሳልቫዶር ሴት ወረቀቱ ላይ «መስል» (ጡንቻ) የሚለውን ስታይ የራሷን «ሙስኩሎ» ታያለች። ጅማትን የሚመለከቱት «ሊጋመንት» እና «ተንደን» ለእሷ «ሊጋሜንቶ» እና «ተንዶን» ናቸው፤ «ቢሴፕስ» (የክንድ የፊት ጡንቻ) እና «አብዶመን» (ሆድ) ደግሞ በአጻጻፍ እንኳ ከሞላ ጎደል አይለወጡም። ይህ ጉብዝና ሳይሆን ውርስ ነው። እርስዎ በዚሁ ዕድሜዎ ቴል አቪቭ ሄደው ዕብራይስጥ ቢማሩ ኖሮ ውርሱ የእርስዎ ይሆን ነበር፤ ራስ «ሮሽ»፣ ዓይን «አይን»፣ ልብ «ሌቭ» ነው፤ ጉልበት ደግሞ «ቤሬኽ» ሲባል እኛ «ተንበረከከ» ስንል የምናነሳው ሥር ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ዕድሜያቸውን የሚጠራጠሩት ሳልቫዶራውያኑ ይሆኑ ነበር።

አሁን ያንኑ ወረቀት ወደ ታች ይውረዱና የዕለት ተዕለት ቃላቱን ይመልከቱ። ጉልበት በእንግሊዝኛ «ኒ»፣ በስፓኒሽ «ሮዲያ» ነው። ክርን «ኤልቦው» እና «ኮዶ»፤ ትከሻ «ሾልደር» እና «ኦምብሮ»፤ ቁርጭምጭሚት «አንክል» እና «ቶቢዮ»። አንዳቸውም ከአንዳቸው ዝምድና የላቸውም። ለስፓኒሽ ተናጋሪ የሚቀለው ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ከባዱ ቃል ነው፤ ሰው ቤቱ ውስጥ የሚናገረው ቃል ላይ ሲደርስ እሱም እንደ እርስዎ ከባዶ ይጀምራል።

እርስዎም ባዶ እጅዎን አልመጡም። 12ኛ ክፍል ከጨረሱ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂን የተማሩት በእንግሊዝኛ ነው። «ፌመር» (የጭን አጥንት)፣ «ፔልቪስ» (የዳሌ አጥንት)፣ «ትራይሴፕስ» (የክንድ የኋላ ጡንቻ) የሚሉት የሆነ ቦታ ተቀምጠው ይጠብቁዎታል። ያልተማሩት ጭንን «ታይ»፣ ባትን «ካፍ»፣ ቅልጥምን «ሺን»፣ ተረከዝን «ሂል» ማለትን ነው፤ ለእነዚህ አገር ቤት አማርኛው ይበቃ ነበርና እንግሊዝኛቸውን የሚጠይቀን ሰው አልነበረም። የጭን አጥንትን ስም በፈተና ጽፎ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ሰው ባቱን ሲያመው በእንግሊዝኛ ዝም ይላል። በአገራችን ልጆች ላይ ደጋግሜ ያየሁት ይህንን ነው። የሕክምና ስሞችን አይሸምድዱ ያልኩትም ለዚሁ ነው፤ የሚበዛውን ያውቁታል፣ የጎደለዎት የቤቱ ቃል ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሰውነት አንድ ነው፤ ቋንቋዎች ግን የሚከፋፍሉበት ወሰን ይለያያል። በአማርኛ «እጄን አመመኝ» ያለ ሰው ከትከሻው እስከ ጣቱ ጫፍ የትኛውንም ቦታ ሊል ይችላል። «ክንድ» የሚል ግሩም ቃል እያለን በዕለት ንግግራችን «እጅ» ይሸፍነዋል። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ አይታገሥም፤ ከእጅ አንጓ በታች «ሃንድ»፣ ከአንጓው በላይ «አርም» ነው። እግርም እንደዚሁ ነው፤ ከቁርጭምጭሚት በታች «ፉት»፣ ከዚያ በላይ «ሌግ»። ስፓኒሽ ይህንን ወሰን ልክ እንደ እንግሊዝኛ ያሰምራል፤ «ማኖ» እና «ብራሶ»፣ «ፒዬ» እና «ፒዬርና» ይላል። ወረቀቱ በዚህ ነጥብ ላይ አንድም ማሳሰቢያ ያልጻፈው ለእነሱ ስለማያስፈልጋቸው ነው። እኛን ግን በጣም የሚጎዳን እዚህ ላይ ነው።

አንድ ጎረቤቴ ቀጠሮ ሊይዝ ወደ ሐኪም ቤት ሲደውል አጠገቡ ነበርኩ። ልናገርልህ ብለው «እኔው እናገራለሁ» አለ። «ማይ ሃንድ፣ ማይ ሃንድ» ይላል፤ በግራ እጁ ደግሞ የቀኙን ትከሻና ክርን መካከል ጨብጦ ይዟል። ስልኩ የጨበጠውን ቦታ አያይም። ቀጠሮው የእጅ መዳፍና የጣት ሐኪም ዘንድ ተያዘለት። ሦስት ሳምንት ጠብቆ ሄደ፤ ሐኪሟ መዳፉን እያገላበጠች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈችና እየዘረጋች መረመረችው፤ ምንም የለም። ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ ሦስት ሳምንት። የጎደለችው «አርም» የምትል አንዲት ቃል ናት፤ እሷንም ቢጠይቁት ያውቃታል። ያላወቀው «እጄ» ማለት ሁልጊዜ «ሃንድ» እንዳልሆነ ነው።

ከእጅ የባሰው ወገብ ነው። መዝገበ ቃላቱም፣ የስልክ መተርጎሚያውም «ዌይስት» ይልዎታል። «ዌይስት» ቀበቶ የሚታሰርበት፣ ልብስ ሰፊ በሜትር የሚለካው ዙሪያ ነው። «ወገቤን ቆረጠኝ» የሚል ኢትዮጵያዊ ግን የሚያሳየው ጀርባው ዝቅ ብሎ ከመቀመጫው በላይ ያለውን ቦታ ነው፤ ይህ በእንግሊዝኛ «ሎወር ባክ» ይባላል። በሕይወትዎ አንድ ጊዜም ቢሆን «ማይ ዌይስት» ብለው ለሐኪም አይናገሩ። ዳሌም ያሳስታል። እኛ ዳሌ ስንል ብዙ ጊዜ ከጎን የሚታየውን ሥጋ፣ አንዳንዴም መቀመጫውን ጭምር ማለታችን ነው። ባለሙያዋ «ሂፕ» ስትል ግን የጭን አጥንት ራስ ከዳሌ አጥንት ጋር የሚገጥምበትን መገጣጠሚያ ማለቷ ነው፤ የዚያ መገጣጠሚያ ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ብሽሽት ላይ ነው። ስለዚህ አዛውንቱ ብሽሽታቸውን ይዘው «ሂፕ» ቢሉ ተሳስተዋል ብለው እንዳያርሟቸው፤ የያዙትን ቦታ ለባለሙያዋ ይንገሩ፤ ብሽሽት «ግሮይን» ነው። ጉልበትም ሁለት ሥራ ያለው ቃል ነው፤ «ጉልበት የለኝም» ለማለት «ኒ» አያገለግልም፤ አቅም ያጣ ሰው «ዊክ» ነው። ጣት ላይ ከጓደኞችዎ ጋር እኩል ነን፤ እነሱም የእጁንም የእግሩንም «ዴዶ» ይሉታል፣ እንግሊዝኛ ግን የእጁን «ፊንገር»፣ የእግሩን «ቶው» ብሎ ይለያል።

ቀጥሎ ዓረፍተ ነገሩ ይመጣል። «ጉልበቴን ያመኛል» ስንል ጉልበት ተሳቢ ነው፤ የሚያሳምመው ስሙ የማይጠራ አንድ ነገር ነው። ይህን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ የሚወስድ ሰው «አይ አም ሲክ ማይ ኒ» ይላል፤ ሰሚው «ታምሜያለሁ» የሚለውን ይሰማና ትኩሳት ይለካልዎታል። ስፓኒሽ ተናጋሪው የሚሳሳተው በሌላ በኩል ነው፤ በቋንቋው «ሜ ዱዌሌ ላ ሮዲያ» ስለሚል፣ «ጉልበቴ» ሳይሆን «ጉልበቱ ያመኛል» እንደማለት ነውና፣ በእንግሊዝኛም «ማይ» የሚለውን ይጥለዋል። ወረቀትዎ ላይ «ማይ፣ ማይ» እየተባለ በወፍራም ቀለም የተጻፈው ለዚህ ነው። እርስዎ ግን «ጉልበቴ» ሲሉ የእኔነቱ ቃሉ ላይ ተጣብቋልና ይህንን አይረሱም። የወረቀቱ ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግዎትን ያስጠነቅቅዎታል፤ የሚያስፈልግዎትን ግን ዝም ይላል። ለእርስዎ የምመክረው አንድ ቅርጽ ነው፦ «አይ ሃቭ ፔይን ኢን ማይ» ብለው የአካል ክፍሉን ያስከትሉ። ከራስ እስከ እግር ጥፍር ያገለግላል፤ ለአዛውንቱ ሲናገሩ «ሂ ሃዝ ፔይን ኢን ሂዝ» ይሆናል። ስለ ግሥ መጨነቅ የለም።

የሕመሙ ዓይነት ላይ አማርኛ እጅግ ሀብታም ነው፤ ይህን ሀብት አይጣሉት። ይወጋኛል ማለት «ሻርፕ»፣ ያቃጥለኛል «በርኒንግ»፣ ይጠዘጥዘኛል «ትሮቢንግ»፣ ደንዝዞኛል «ነም»፣ አልታጠፍ ብሎ ግትር አለብኝ «ስቲፍ»፣ አብጧል «ስዎለን» ነው። ከእነዚህ ሁሉ ግን አንድ ልዩነት ከልብዎ እንዲይዙ እፈልጋለሁ። «ሶር» ሥራ ያልለመደ ጡንቻ ሲሠራ በማግስቱ የሚሰማው የድካም ሕመም ነው፤ ሶምሶማ ከሮጡ በኋላ ጠዋት ደረጃ ሲወርዱ ጭንዎ ላይ የሚሰማዎት ዓይነት። ባለሙያዋ ይህን ትጠብቀዋለች፤ እንዲያቆሙም ላትነግራቸው ትችላለች። «ሻርፕ ፔይን» ካሉ ግን እንቅስቃሴው እዚያው ይቆማል። ሁለቱንም «ፔይን» ብለው ካለፏቸው ወይ መቀጠል ያለበት ይቆማል፣ ወይ መቆም ያለበት ይቀጥላል። በስፖርት መካከል ደረት ላይ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም በድንገት የአንድ ባት ማበጥ ከታየ ግን ቃል አይምረጡ፤ እንቅስቃሴውን አስቁመው ለደረት ሕመምና ለትንፋሽ ማጠር ወዲያው 911 ይደውሉ፤ ለባት ማበጥ ወዲያው የሚመለከተውን ሐኪም ያግኙ።

አሁን አማርኛ ቃል የለውም ወዳሉት እንምጣ። እንግሊዝኛ «ቤንድ» በሚላት አንዲት ግሥ የሚያደርገውን አማርኛ በአራትና በአምስት ግሥ ነው የሚከፋፍለው። ጉልበት ይታጠፋል፤ ሰው ይጎነበሳል፤ አንገት ያዘነብላል፤ መሬት ላይ መንበርከክ አለ፤ ቁጢጥ ማለት አለ። በጀርባ መተኛትን እንግሊዝኛ በአራት ቃል ሲናገር እኛ «ተንጋለሉ» ብለን በአንድ ቃል እንጨርሳለን። ያልገባዎት አማርኛው ስላነሰ ሳይሆን ስለበዛ ነው። «ቤንድ» ስትሰሙ የትኛውን መምረጥ እንዳለብዎ አላወቁም። ምርጫውን የሚነግርዎ ከግሡ ቀጥሎ የሚመጣው የአካል ክፍል ነው። «ቤንድ ዩር ኒ» ከሆነ ማጠፍ፣ «ቤንድ ፎርዋርድ» ከሆነ ማጎንበስ ነው።

ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ መስሎ እንዳይታይዎ የእርስዎኑ አዛውንት ልውሰድ። የዳሌ መገጣጠሚያ ከተቀየረ በኋላ፣ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናውን በሠራበት አቅጣጫ የሚለያይ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ዳሌውን ከ90 ዲግሪ በላይ አትጠፍ የሚል ነው፤ «ዶንት ቤንድ ዩር ሂፕ ፓስት ናይንቲ ዲግሪስ» ይባላል። ይህን «ጉልበትዎን አይጠፉ» ብሎ የተረጎመ ሰው ሁለት ጥፋት ይሠራል፤ መታጠፍ ያለበትን ጉልበት ያግዳል፣ የተከለከለውን መጎንበስ ደግሞ ይፈቅዳል። ትርጉሙ ጭንና ሆድ ከ90 ዲግሪ ማዕዘን አልፈው አይቀራረቡ ማለት ነው። ስለዚህ ዝቅ ያለ ሶፋ ላይ መስመጥ፣ ተጎንብሶ ጫማ ማሰር፣ ከወለል ላይ የወደቀ ነገር ማንሳት ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። የራሳችን እናት ብትሆን በርጩማውን ከቤት ማውጣት አለብን ማለት ነው። እግር ማነባበርም ብዙ ጊዜ አብሮ ይከለከላል፤ ይህ «ዶንት ክሮስ ዩር ሌግስ» ነው።

ከግሥ ጋር የሚጣበቁት ትንንሽ ቃላት ላይ እርስዎና ጓደኞችዎ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣችኋል። አማርኛ ወጣ፣ ወረደ፣ ገባ ሲል አቅጣጫውን በግሡ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ስፓኒሽም «ሱቢር» ብሎ መውጣትን፣ «ባኻር» ብሎ መውረድን በአንድ ግሥ ይናገራል። እንግሊዝኛ ግን ግሡን አኳኋኑን እንዲናገር ትቶ አቅጣጫውን «አፕ፣ ዳውን፣ ኢን፣ አውት» በሚሉ ቁርጥራጮች ከኋላ ያስከትላል። «ብሪዝ ኢን» አየር ወደ ውስጥ ይሳቡ፣ «ብሪዝ አውት» ያስወጡ ነው። «ስቴፕ አፕ» ደረጃ ላይ መውጣት፣ «ስቴፕ ዳውን» መውረድ ነው። የእኛ ጆሮ ግሡን ሲይዝ ጨርሻለሁ ብሎ ይዘጋል፤ ትርጉሙ ግን ያለው መጨረሻ ላይ በመጣችው አጭር ቃል ውስጥ ነው። ስለዚህ ግሥ ብቻውን አይያዙ። «ስቴፕ» የሚባል ቃል አይጻፉ፤ «ስቴፕ አፕ» ብለው ይጻፉ፣ ደረጃ የሚወጣ ሰው ይሣሉበት።

ስለ ድምፅ በአጭሩ ልናገር። የሚጻፍ ሁሉ የሚነበብበት ፊደል ይዘን ላደግን ሰዎች የእንግሊዝኛ የአካል ክፍሎች ወጥመድ ናቸው። «ኒ» ሲጻፍ ኬ አለበት፣ አይነበብም። የእጅ አንጓ «ሪስት» በደብሊዩ ይጀምራል፣ አይነበብም። አውራ ጣት «ተም» መጨረሻው ላይ ቢ፣ ባት «ካፍ» መካከሉ ላይ ኤል አለ፤ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ስለዚህ ቃሉን ከወረቀት ሳይሆን ከሰው አፍ ይማሩ፣ አጻጻፉ በኋላ ይድረስ። ሌላው ችግር የአናባቢ ርዝመት ነው። እኛ «ገና» የሚለውን ቃል በተነባቢ መጥበቅና መላላት ለሁለት ትርጉም እንለያለን፤ አናባቢ ማስረዘም ግን አልለመድንም፤ ስፓኒሽ ተናጋሪም እንደዚሁ ነው። ተረከዝ ማለት የሆነው «ሂል» ረዘም ብሎ ይነገራል፤ ካጠሩት ኮረብታ ይሆናል። በአንድ ነገር ግን ይበልጧቸዋል። አገጭ «ቺን»፣ ቅልጥም «ሺን» ነው፤ በአብዛኛው ስፓኒሽ የ«ሸ» ድምፅ ስለሌለ ጓደኞችዎ ሁለቱን ሲያምታቱ ይሰማሉ። ለእኛ ግን ቸ እና ሸ ሁለት ፊደል ናቸው።

ቁጥሩ ላይ ይጠንቀቁ፤ ትእዛዙ በትክክል ተሰምቶ በቁጥር የተበላሸ ልምምድ ብዙ ነው። «ስሪ ሴትስ ኦፍ ቴን» ማለት 10 ጊዜ ሠርቶ ማረፍ፣ እንደገና 10፣ እንደገና 10፣ በድምሩ 30 ማለት ነው። «ትዋይስ ኤ ዴይ» በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ «ኤቭሪ አዘር ዴይ» ደግሞ አንድ ቀን ሠርቶ አንድ ቀን ማረፍ ነው፤ እነዚህን ሁለቱን የሚያደባልቁ ብዙ ናቸው። ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ደግሞ የራሳቸው አደጋ አለባቸው፤ «ዋንስ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል፣ አንድ ጊዜ ማለት ሲሆን፣ በስፓኒሽ «ኦንሴ» ተብሎ የሚነበብ 11 ቁጥር ነው፤ አጻጻፉ ፊደል በፊደል አንድ ነው። በመድኃኒት ወረቀት ላይ የታወቀ ስጋት ነው፤ ለጓደኞችዎ ይንገሯቸው። የእኛ አደጋ ሰዓት ነው። ባለሙያዋ ሁለት ሰዓት እመጣለሁ ስትል ከቀኑ ስምንት ሰዓት ማለቷ መሆኑን ማንም ሳያስታውስዎ ይያዙ። አንድ ሌላ ልማድም እንተው፤ «ስፖርት እሠራለሁ» ስንል በእንግሊዝኛም «አይ ሜክ ስፖርት» እንላለን፤ የስፓኒሽ ተናጋሪዎቹም «አሴር ኤኸርሲሲዮ» ብለው ለምደው ተመሳሳይ ይሉታል። ትክክለኛው «አይ ኤክሰርሳይዝ» ነው፤ ምንም መሥራት አይጨመርበትም።

ቃላት የማይደርሱበት ወሰን አለ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለ መመሪያ፣ የመድኃኒት ለውጥ፣ ፈቃድ የሚፈረምበት ነገር ሲመጣ በማታ ትምህርት እንግሊዝኛ አይወጡት። ይህ ለእርስዎ ለራስዎና ለቤተሰብዎ ሕክምናም ይሠራል። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የሕክምና ተቋማት፣ ከእ.ኤ.አ. 1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ጀምሮ ባለው ግዴታ፣ እንግሊዝኛ ለማይበቃው ታካሚ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። ወንዙን ተሻግረው ዋሽንግተን ዲሲ ቢሄዱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አለ፤ በእሱ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። «አማሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ» የምትለውን ያለ እፍረት ይበሉ። ልጆችዎን አስተርጓሚ አያድርጉ። ልጁ እንግሊዝኛውን ቢያውቅ ብሽሽትና ሽንጥ በአማርኛ የቱ ጋ እንደሆኑ አያውቅም፤ ቢያውቅም የእናቱን ሕመም በአፉ መሸከም የለበትም።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። የ60 ቃሉን ወረቀት ይተዉት። የእርስዎ የመማሪያ መጽሐፍ ባለሙያዋ ለአዛውንቱ የምትተወው፣ ሥዕል ያለበት የቤት ውስጥ ልምምድ ወረቀት ነው፤ ካልሰጠች ይጠይቋት። ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ከአምስት እስከ ስምንት ልምምድ ይኖራል። «አንክል ፓምፕ» ከሆነ የእግር መዳፍን ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ነው፤ «ሂል ስላይድ» ከሆነ ተንጋለው ተረከዝን አልጋው ላይ ወደ መቀመጫ መሳብና መመለስ ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ካርድ ያዘጋጁ፤ ሥዕሉን፣ ግሡን ከነቁርጥራጩ፣ የአካል ክፍሉን፣ ቁጥሩን ይጻፉበት፤ አማርኛውን ከኋላ ያድርጉት። ከዚያ በሩን ዘግተው በራስዎ ሰውነት ይሥሩት፣ እየሠሩም ጮክ ብለው ይናገሩ። «ቤንድ» እያለ የሚታጠፍ ጉልበት ቃሉን አይረሳም። በቀን ሁለት ካርድ ይበቃል፤ በአንድ ሳምንት የአዛውንቱን ልምምድ በሙሉ ይጨርሳሉ፤ ሲጨርሱም በእጅዎ የሚኖረው ከ20 የማይበልጥ የአካል ክፍል፣ ከ10 የማይበልጥ ግሥ ነው።

የሚቀጥለው ጉብኝት ላይ ባለሙያዋ ስትናገር አንገትዎን በመነቅነቅ ብቻ አይለፉ። «ፕሊዝ ሾው ሚ» ይበሏት፣ ታሳይዎታለች። ቀጥለው እርስዎ ራስዎ ወለሉ ላይ ሆነው እየሠሩ መልሰው ይንገሯት፤ የትኛው እግር፣ ስንት ጊዜ፣ ስንት ሰከንድ ይዞ መቆየት፣ ምን ሲሰማ ማቆም። ከተሳሳቱ ታርምዎታለች፤ ያረመችዎትን እሷ እያለች ካርዱ ላይ ይጻፉት። አዛውንቱን ማሠራት የሚጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ በግምት የገባዎትን አንድም እንቅስቃሴ በእሳቸው ዳሌ ላይ አይሞክሩ።